የጠፋው ስንብት፦ «ዶክተሩ» በ1966 እንዴት ተሰናበተ? ፊልሙስ አዲስ አበባ ተገኘ የተባለው ለምን ነበር?

እሁድ ኦክቶበር 6 ቀን 2013 አንድ የእንግሊዝ ጋዜጣ ለብዙ ሰው ምንም የማይመስል፣ ለአንዳንዱ ግን እንቅልፍ የሚነሳ ዜና ይዞ ወጣ። (እዚህ ያሉት ዓመታት «በእኛ አቆጣጠር» ካላልኩ በቀር እንደ አውሮፓውያን ናቸው።) ዜናው በአጭሩ እንዲህ ነበር፦ ለአሥርት ዓመታት ጠፍተው የኖሩ ከ100 በላይ የ«ዶክተር ሁ» ክፍሎች ኢትዮጵያ ውስጥ፣ በኢትዮጵያ ሬድዮና ቴሌቪዥን ድርጅት፣ አቧራ ለብሰው ተገኙ። አዎ፣ እኛው ጋ። አዲስ አበባ።

የቴሌቪዥን ድራማ ጠፋ ማለት ምን ማለት ነው ብላችሁ ብትገረሙ አልፈርድባችሁም። ዛሬ አንድ ነገር ከተላለፈ በኋላ መጥፋቱ ሳይሆን አለመጥፋቱ ነው የሚያስቸግረው። ያኔ ግን ነገሩ ሌላ ነበር። ከጠፉት ክፍሎች ውስጥ ደግሞ በጣም ከሚናፈቁት አንዱ ስንብት ነው። ሚሊዮኖች የሚወዱት የሳይንስ ልብወለድ ጀግና ለመጀመሪያ ጊዜ ደክሞ የወደቀበትና የሄደበት ክፍል። ዛሬ የምነግራችሁ የዚያን ክፍል ታሪክ ነው።

እስኪ ከጀግናው እንጀምር። ስሙ «ዶክተሩ» ብቻ ነው። የድራማው ርዕስ ራሱ ወደ አማርኛ ቢመለስ «ዶክተር ማን?» ማለት ነው፤ ሰውየው ስሙን ተናግሮ ስለማያውቅ። ከሌላ ዓለም የመጣ ነው። ታርዲስ በምትባል መሣሪያ በጊዜና በሕዋ ውስጥ ይጓዛል። ታርዲስ ከውጭ ስትታይ ሰማያዊ የፖሊስ ስልክ ሳጥን ናት፤ በሩን ከፍታችሁ ስትገቡ ግን ከውጭዋ ይልቅ ውስጧ ይሰፋል።

የመጀመሪያው ክፍል በቢቢሲ የታየው ቅዳሜ ኖቬምበር 23 ቀን 1963 ነው። ቀኑን ልብ በሉት። ፕሬዚዳንት ኬኔዲ የተገደሉት ከአንድ ቀን በፊት ነበር። ዓለም ሁሉ ሐዘን ላይ ተቀምጧል፤ ጃንሆይም ለቀብሩ ወደ ዋሽንግተን ሊሄዱ ነው። በዚያ ላይ በአንዳንድ አካባቢ መብራት ጠፍቶ ነበር። ስለዚህ ቢቢሲ በሚቀጥለው ቅዳሜ ሁለተኛውን ክፍል ከማሳየቱ በፊት አንደኛውን ደገመው። የድራማውን ሐሳብ ከጠነሰሱት ዋናው ካናዳዊው ሲድኒ ኒውማን ነው። አዘጋጇ ቬሪቲ ላምበርት ገና ሃያዎቹ ውስጥ ያለች ሴት ነበረች፤ የመጀመሪያውን ታሪክ ዳይሬክት ያደረገው ዋሪስ ሁሴን ደግሞ ህንድ የተወለደ ወጣት። በዚያ ዘመን በቢቢሲ ውስጥ ይህ ቀላል ነገር አልነበረም።

ዶክተሩን እንዲጫወት የተመረጠው ዊልያም ሃርትኔል ሲሆን ዕድሜው 55 ነበር። እስከዚያ ድረስ የሚያውቁት ሰዎች ቁጡ የጦር ሰራዊት አለቃ ሆኖ በሚጫወትባቸው ፊልሞች ነው። አሁን ረዥም ነጭ አርቲፊሻል ፀጉር አድርጎ፣ የጥንት ኮት ለብሶ፣ አንዴ የሚቆጣ አንዴ የሚያቅፍ አያት ሆነ። ልጆች በጣም ወደዱት፤ እሱም ወደዳቸው።

ስለ ስንብት ካነሳን ከ1966 በፊት አንድ ሌላ ስንብት አለ። በድራማው መጀመሪያ ዶክተሩ ሱዛን ከምትባል የልጅ ልጁ ጋር ነበር የሚጓዘው። ዲሴምበር 26 ቀን 1964 በታየው ክፍል ልጅቱ ምድር ላይ ከአንድ ወጣት ጋር ፍቅር ይዟታል፤ ግን አያቷን ትታ መቅረት አልሆነላትም። ታዲያ ሽማግሌው ምን አደረገ? ታርዲስ ውስጥ ገብቶ በሩን ከውስጥ ቆለፈ። እሷ ውጭ እንዳለች በድምፅ ማጉያ ተሰናበታት፣ መረቃትም፤ ከዚያ ሄደ። ጎጃም ውስጥ ልጁን ድሮ ጀርባውን አዙሮ እንባውን በጋቢው የሚጠርግ አባት አይታችሁ ከሆነ ትዕይንቱ ይገባችኋል። ይህኛው ስንብት አልጠፋም። እስከ ዛሬ ይታያል።

ወደ 1966 እንምጣ። ሃርትኔል ታሟል። ደም ሥሮቹ እየጠነከሩ የሚሄዱበት በሽታ ነበረበት፤ የሚናገረውን ይረሳ ጀመር፤ በቀላሉ ይበሳጫል። ያኔ ድራማ የሚቀረጸው እንደ ዛሬው ቁርጥራጭ እየተደረገ አይደለም፤ አንድን ክፍል በአንድ ምሽት፣ እንደ ቲያትር፣ በጣም በጥቂት ማቋረጥ ነው የሚቀርጹት። ተዋናዩ ቃሉን ከረሳ ከረሳ ነው። አዲሱ አዘጋጅ ኢነስ ሎይድ ሃርትኔል መቀጠል እንደማይችል አየ።

የምሕንድስና ተማሪ ስለሆንኩ ይሆናል፣ እኔን የሚገርመኝ ችግሩን የፈቱበት መንገድ ነው። ጀግናው አንድ ነው፤ ተዋናዩ ደግሞ ታሟል። የተለመዱት መውጫዎች ሁለት ናቸው። ወይ ድራማውን መዝጋት፣ ወይ ምንም እንዳልተፈጠረ ሌላ ተዋናይ ማምጣትና ተመልካቹ ዓይኑን እንዲጨፍን መለመን። እነሱ ሦስተኛ መንገድ ፈለጉ፦ ለውጡ ራሱ የታሪኩ አካል ይሁን። ዶክተሩ ሰው አይደለም፤ ስለዚህ ሰውነቱ ሲያረጅ ቢታደስስ? ፊቱ ይለወጥ፣ ጠባዩ ይለወጥ፣ እሱነቱ ግን ይቀጥል። ብልሽቱን ደብቀው ከመጠገን ይልቅ የዲዛይኑ አካል አደረጉት። በዚያን ጊዜ ለነገሩ ይህ ነው የሚባል ስም እንኳ አልነበረውም። ዛሬ አድናቂዎች ሁሉ «ሪጀነሬሽን» የሚሉት ቃል በድራማው ውስጥ የገባው በ1974 ነው፤ «የጊዜ ጌቶች» የሚለው የወገኖቹ ስም ደግሞ በ1969።

የስንብቱ ታሪክ «አሥረኛው ፕላኔት» ይባላል፤ ባለ አራት ክፍል ነው፤ ከኦክቶበር 8 እስከ ኦክቶበር 29 ቀን 1966 በየቅዳሜው ታየ። ከጻፉት አንዱ ኪት ፔድለር ነው። ሰውየው ደራሲ ሳይሆን ሳይንቲስት ነበር፤ በለንደን ዩኒቨርሲቲ የዓይን ሕክምና ኢንስቲትዩት ውስጥ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ የሚመራመር። ለድራማው የሳይንስ አማካሪ ሆኖ መጣ፤ ከታሪክ አርታኢው ከጌሪ ዴቪስ ጋር ተቀምጦ መጻፍ ጀመረ። ፔድለርን እንቅልፍ የሚነሳው አንድ ጥያቄ ነበር። ሕክምና ሰው ሠራሽ አካል መተካት እየቻለ ነው፤ ዛሬ እጅ፣ ነገ ልብ። ሁሉም ነገር ተተክቶ ያለቀ ሰው ምን ይባላል? ከዚህ ጥያቄ ሳይበርማኖቹ ተወለዱ። ሞንዳስ በምትባል፣ የምድር መንትያ በሆነች ፕላኔት ላይ ይኖሩ የነበሩ ሰዎች ናቸው። አካላቸውን አንድ በአንድ በብረትና በፕላስቲክ ተኩት፤ በመጨረሻ ደካማነት ነው ብለው ስሜታቸውንም አወጡት።

አሁን ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። በአንድ በኩል አካላቸውን ሁሉ ቀይረው ላለመሞት ሲሉ ሰውነታቸውን ያጡ ፍጡራን። በሌላ በኩል ደግሞ መላ አካሉ ሊቀየር ሆኖ ራሱን የማያጣ ሽማግሌ። ይህን አስበው ያደረጉት ይሁን አይሁን እንጃ፤ ብቻ ታሪኩን ከፍ የሚያደርገው ይህ ነው ባይ ነኝ።

ሃርትኔል ሦስተኛው ክፍል ሲቀረጽ ታሞ ቀረ። በአራተኛው ተመለሰ። በታሪኩ ውስጥ ዶክተሩ እየደከመ ይሄዳል፤ ይህ አሮጌ አካሌ ሳስቷል የሚል ነገር ለጓደኞቹ ይናገራል። በመጨረሻ ወደ ታርዲስ እየተንገዳገደ ይገባል። የመሣሪያዋ መቆጣጠሪያዎች ማንም ሳይነካቸው ይንቀሳቀሳሉ። ሽማግሌው ወለሉ ላይ ይወድቃል። ፊቱ ነጭ ብርሃን ይሆናል፤ ብርሃኑ ሲደበዝዝ የተኛው ሌላ ሰው ነው፦ ፓትሪክ ትራውተን፣ የ46 ዓመት ሰው።

ያ ብርሃን በምን ተሠራ? ኮምፒውተር የለ፣ ምን የለ። የሥዕል ማቀላቀያውን ዴስክ የምትቆጣጠረው ሸርሊ ካዋርድ ማሽኑ ላይ አንድ ብልሽት እንዳለ አወቀች፤ ሥዕሉን ከልክ በላይ አብርቶ የሚያነጣ ብልሽት። ሌላው ቢሆን ቴክኒሻን ጠርቶ ያስጠግን ነበር። እሷ ግን ጠቃሚ ነው ብላ ያዘችው። የሁለቱ ተዋንያን ፊት በዚያ ነጭ ውስጥ አንዱ ወደ ሌላው ተሸጋገረ። በሳይንስ ልብወለድ ታሪክ ውስጥ በጣም ዝነኛ ከሆኑት ትዕይንቶች አንዱ የተሠራው ባልተጠገነ ዕቃ ነው።

እንግዲህ ይህ ክፍል ነው የጠፋው። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ አሉ፤ አራተኛው የለም።

የሞጣ ልጅ ከሆናችሁ ሰባራ ድልድይን ታውቁታላችሁ። በአፄ ፋሲል ዘመን እንደተሠራ የሚነገርለት፣ ጎጃምን ከጎንደር የሚያገናኘው የአባይ ድልድይ። በጣሊያን ወረራ ጊዜ አንዱ ቅስት ተቆረጠ። ከዚያ በኋላ ለአሥርት ዓመታት መንገደኛው ድንጋዩ እስካለበት ድረስ በእግሩ ይሄዳል፤ ክፍተቱ ላይ ሲደርስ በገመድ ታስሮ፣ በወዲያና ወዲህ የቆሙ ሰዎች ጎትተው ያሻግሩታል። የተጠገነው በ2002 ነው። «አሥረኛው ፕላኔት»ም እንደዚያ ነው። ሦስት ቅስት ቆሟል፤ አራተኛው ላይ ስትደርሱ ገመድ ያስፈልጋችኋል። ገመዱ ምን እንደሆነ በኋላ እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ ማን እንደቆረጠው እንይ። ጦርነት አይደለም፤ ቁጠባ ነው። ቢቢሲ ፕሮግራሞቹን የሚቀዳው ወርዱ 5 ሴንቲ ሜትር ገደማ በሆነ የማግኔት ቴፕ ላይ ነበር። ቴፑ እጅግ ውድ ነው፤ ግን እየተደመሰሰ ደጋግሞ ይቀዳበታል። የቴፕ አሠራር ቀላል ነው። በፕላስቲኩ ላይ የተለበጡት የብረት ኦክሳይድ ደቃቅ ቅንጣቶች እያንዳንዳቸው ትንንሽ ማግኔቶች ናቸው። ሲቀዳ ሥዕሉንና ድምፁን ተከትለው በሥርዓት ይሰለፋሉ። ለማጥፋት ደግሞ አቅጣጫው ቶሎ ቶሎ የሚገለባበጥ ኃይለኛ የማግኔት መስክ ታሳልፉባቸዋላችሁ፤ ሰልፉ ይፈርሳል፣ ቅንጣቶቹ ወደየአቅጣጫው ይበተናሉ። ወረቀት ቢቃጠል አመድ ይተርፋል። እዚህ አመድ እንኳ የለም። ቴፑ ምንም ሳይሆን፣ ንጹሕ ሆኖ፣ ለሚቀጥለው ፕሮግራም ይዘጋጃል።

ፍቀው የጻፉበት ብራና ከዚህ ይሻላል። የአርኪሜዲስን ሥራ የያዘ አንድ የጥንት ብራና በ13ኛው ክፍለ ዘመን ተፍቆ ጸሎት ተጽፎበት ነበር፤ የዘመናችን ተመራማሪዎች በተለያየ የብርሃን ሞገድ ፎቶ እያነሱ የተፋቀውን አነበቡት። በሥርዓት የተደመሰሰ የቪዲዮ ቴፕ ግን በምን ብርሃን ታነቡታላችሁ?

«እንዴት እንዲህ ያለ ነገር ያጠፋሉ?» ብሎ መቆጣት ቀላል ነው። በጊዜው ሆናችሁ ስታዩት ግን ሰዎቹ ሞኞች አልነበሩም። ቤት ውስጥ ቪዲዮ የሚያይ ሰው የለም። ከተዋንያን ማኅበር ጋር ያለው ውል አንድን ድራማ ደጋግሞ ማሳየትን ይገድባል። በ1960ዎቹ መጨረሻ ደግሞ ባለ ቀለም ቴሌቪዥን መጣ፤ ጥቁርና ነጭ ድራማ ማን ይገዛል? መደርደሪያው ሞልቷል። በቃ፣ አጠፉ።

ነገሩ እዚህ ቢያቆም ኖሮ የሃርትኔልና የትራውተን ዘመን በሙሉ ተደምስሶ ይቀር ነበር። ያዳነው ንግድ ነው። ቢቢሲ ድራማውን ለውጭ አገር ሲሸጥ ቴፑን አይልክም፤ በየአገሩ ያለው መሣሪያ ይለያያላ። ስለዚህ በተለየ ሞኒተር ፊት የፊልም ካሜራ ያቆሙና ሥዕሉን ወደ 16 ሚሊ ሜትር ፊልም ይገለብጡታል። ፊልም የትም አገር ይሠራል። ኮፒው በቆርቆሮ ጣሳ ታሽጎ ይጓዛል፤ አንዱ አገር አሳይቶ ሲጨርስ ወደ ሌላው ያስተላልፋል፣ ወይ ይመልሳል፣ ወይ ያቃጥላል። አውስትራሊያ፣ ኒው ዚላንድ፣ ሆንግ ኮንግ፣ ቆጵሮስ፣ ናይጄሪያ… ኢትዮጵያም የሃርትኔልን ዘመን ታሪኮች ከገዙት አገሮች አንዷ ነበረች።

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የተመሠረተው በ1964፣ በእኛ አቆጣጠር በ1957 ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ስርጭቱ ከአዲስ አበባና ከአካባቢዋ አያልፍም። ስለዚህ ያ ጸጉረ ነጭ ሽማግሌ በሰማያዊ ሳጥኑ ሲመጣ ያዩት የአዲስ አበባ ልጆች ናቸው፤ ቢቸናና ሞጣ ላይ ያለ ልጅ ያኔ ቴሌቪዥን የሚባል ነገር አላየም። (አሁን ደግሞ ዕድሜ ለሞባይል፣ የቢቸና ልጅ ከማንም እኩል ነው።)

ቢቢሲ ውስጥ ማጥፋቱ የቆመው በ1978 ገደማ ነው። ያኔ ሲቆጠር መቶ ምናምን ክፍል የለም። ፍለጋው ተጀመረ። ቆጵሮስም፣ ናይጄሪያም፣ ሆንግ ኮንግም የተወሰነ ተገኘ። በጣም የሚያስቀኝ የአውስትራሊያው ነው። እዚያ የነበሩ የሳንሱር ሠራተኞች ልጆችን ያስፈራል ያሉትን ትዕይንት ከፊልሙ እየቆረጡ ያወጡ ነበር። ፊልሙ ጠፋ። ቁራጮቹ ግን በመንግሥት መዝገብ ቤት ፋይል ውስጥ ተቀምጠው በ1996 ተገኙ። ከአንዳንዱ ክፍል ዛሬ በሥዕል የተረፈው ማንም እንዳያየው ተብሎ የተቆረጠው ብቻ ነው። ወይ ጉድ!

አሁን ወደ ገመዱ። የጠፉት ክፍሎች ሥዕላቸው እንጂ ድምፃቸው አልጠፋም፤ የአንዱም። ምክንያቱም በ1960ዎቹ እንግሊዝ ውስጥ ቅዳሜ ማታ ቴሌቪዥኑ ፊት ቴፕ ሪከርደር ደቅነው የሚቀዱ ልጆች ነበሩ። አንዳንዱ ማይክሮፎኑን ድምፅ ማጉያው ላይ አስጠግቶ፣ ቤተሰቡን ዝም አሰኝቶ ይቀዳል። ማንም አላዘዛቸውም። የሚወዱት ነገር ከተላለፈ በኋላ እንደማይመለስ ገብቷቸው ነበር።

ይህ ለእኛ አገር ሰው እንግዳ መሆን የለበትም። ከቢቸና ብዙም የማይርቀውን ዲማ ጊዮርጊስን አስቡ፤ ምሥራቅ ጎጃም የቅኔ አገር ነው። ባለ ቅኔው ቅኔውን የሚዘርፈው ለዚያ ቀን ነው፤ ነገ ሌላ ይላል እንጂ የትናንቱን አይደግምም። አጠገቡ ያለው ተቀባይ እየሰማ ይቀበለዋል። ጥሩ ቅኔ ከሆነ ደግሞ ዳር የቆመው ተማሪ በጆሮው ይይዘዋል፤ ለጓደኛው ይነግረዋል፤ ጓደኛው ለሌላ። ከብዙ ዓመት በኋላ የባለ ቅኔው ድምፅ ሳይኖር ጉባኤ ቃናው አለ። ያ የእንግሊዝ ልጅ ቴፕ ሪከርደሩን ይዞ ያደረገው ይህንኑ ነው፤ ልዩነቱ የእኛው ተማሪ ባትሪ አያስፈልገውም።

ሌላም ምሳሌ አለ። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» የታተመው በእኛ አቆጣጠር በ1958 ነው። ዶክተሩ የተሰናበተው ከዚያ ወዲያው፣ ጥቅምት 1959 ላይ ነው። በዛብህንና ሰብለወንጌልን ስንቶቻችን ነን በመጀመሪያ ያነበብናቸው? ብዙው ሰው የሰማቸው ከወጋየሁ ንጋቱ አፍ ነው፣ በሬድዮ። ያ ትረካ ዛሬም ከስልክ ወደ ስልክ ይዞራል። አንድ ሰው ቴፑን ደምስሶ ሌላ ቢቀዳበት ኖሮ ብላችሁ አስቡት እስኪ።

ከድምፁ ሌላ ጆን ኩራ የሚባል ፎቶ አንሺ ነበር። ሥራው ቴሌቪዥን እየተላለፈ ከስክሪኑ ላይ ፎቶ ማንሳትና ለዳይሬክተሮችና ለተዋንያን መሸጥ ነው። «አሥረኛው ፕላኔት»ን አንስቷል። ስለዚህ ድምፁን ከኩራ ፎቶዎች ጋር ብታገጣጥሙ የጠፋውን ክፍል ከሞላ ጎደል መከተል ትችላላችሁ። በ2013 ደግሞ አራተኛው ክፍል በአኒሜሽን ተሠርቶ ከዋናው ድምፅ ጋር በዲቪዲ ወጣ።

እንግዲህ ጋዜጣው «ኢትዮጵያ ተገኘ» ብሎ ሲጽፍ የሰው ልብ ለምን እንደዘለለ አሁን ይገባችኋል። ወሬው ከንቱ ብቻም አልነበረም። ፊልም የሚሞተው በኬሚስትሪ ነው። የዚያ ዘመን ፊልም መደቡ አሲቴት ነው፤ ሙቀትና እርጥበት ሲያገኘው እየተበላሸ አሲድ ይለቃል፣ ጣሳውን ስትከፍቱት ኮምጣጤ ይሸታል። አሲዱ ደግሞ ራሱ ብልሽቱን ያፋጥነዋል፤ አንዴ ከጀመረ እየባሰ ነው የሚሄደው። ቀዝቃዛና ደረቅ ቦታ ግን ያቆየዋል። ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ያለችው አዲስ አበባ ደግሞ ለፊልም ከብዙ የአፍሪካ ከተማ የተሻለ አየር አላት። በኬሚስትሪ በኩል ተስፋው ልክ ነበር።

ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ በዚያው ኦክቶበር፣ ቢቢሲ እውነቱን ተናገረ። ፊልም ተገኝቷል፤ ቦታው ግን ኢትዮጵያ አይደለም፣ ናይጄሪያ ነው። ፊሊፕ ሞሪስ የሚባለው ፈላጊ ጆስ ከተማ ባለ የቴሌቪዥን ጣቢያ 11 ጣሳ አገኘ፤ ከእነዚህ 9ኙ ዓለም ላይ ሌላ ኮፒ ያልነበራቸው ናቸው፤ ሁሉም የትራውተን ዘመን። የጠፉት ቁጥር ከ106 ወደ 97 ወረደ። ጆስም እንደኛው ደጋ ላይ ያለች ከተማ መሆኗን ልብ ይሏል! የሃርትኔል ስንብት ግን በ11ዱ ውስጥ አልነበረም።

እኔን በዚህ ወሬ ውስጥ አንድ ነገር ቅር ይለኛል። ያ ሁሉ ጋዜጣ የአዲስ አበባን መዝገብ ቤት ያነሳው የእነሱ ዕቃ ተቀምጦበት እንደሆነ ለማወቅ ብቻ ነው። በዚያው ጣቢያ ከ40 ዓመት በላይ ልጆችን ሲያጫውቱ የኖሩት አባባ ተስፋዬስ? ከእንግሊዝ ዶክተር ይልቅ ለእኛ የሚቀርቡት እሳቸው ናቸው፤ በ2017 ሲያርፉ ትልልቅ ሰዎች እንደ ልጅ ያለቀሱላቸው። የእሳቸውን የመጀመሪያ ዓመታት ቅጂ ለማግኘት ከእንግሊዝ የሚመጣ ፈላጊ የለም። ፈላጊው ከዚሁ ነው መውጣት ያለበት። ምናልባት ይህን ከምታነቡት አንዱ ወይ አንዷ። ቤታችሁ ሳጥን ውስጥ የአባታችሁ ካሴት ወይም የድሮ ቪዲዮ ካለ፣ ከሁሉ በፊት ከፀሐይና ከእርጥበት አርቁት፣ ከድምፅ ማጉያና ከማንኛውም ማግኔት አጠገብ አታስቀምጡት፤ በአሮጌ ማጫወቻ ደጋግማችሁ ከመሞከራችሁ በፊትም የሚገለብጥ ሰው ፈልጉ። አንዳንዱ ቴፕ አንድ ጊዜ ብቻ የመጫወት አቅም ነው የቀረው።

ሃርትኔል ከዚያ በኋላ ምን ሆነ? በሽታው እየባሰ ሄደ። ለድራማው 10ኛ ዓመት ሦስቱን ዶክተሮች የሚያገናኝ ታሪክ ሲሠራ ጠሩት፤ መጣ። መቆም ስለማይችል ተቀምጦ፣ ቃሉን ከተጻፈበት ካርድ እያነበበ ለብቻው ተቀረጸ። የመጨረሻ ሥራው ሆነ። በኤፕሪል 1975 በ67 ዓመቱ ሞተ።

እሱ የጀመረው መታደስ ግን ቀጠለ። ከእሱ በኋላ የመጡት ሁሉ በየተራቸው ተሰናብተዋል። ዴቪድ ቴናንት በጃንዋሪ 1 ቀን 2010 መሄድ አልፈልግም ብሎ ሲያለቅስ ብዙ ቤት አብሮት አለቀሰ። በቅርቡ ደግሞ ኪጋሊ የተወለደው፣ ስኮትላንድ ያደገው ሹቲ ጋትዋ ዶክተሩን ተጫውቶ በ2025 ተሰናበተ። በ2017 የገና ዕለት የታየው ክፍል ግን ወደ መጀመሪያው ተመለሰ፤ ዴቪድ ብራድሊ ሃርትኔልን መስሎ፣ ከ1966ቱ ታሪክ ትዕይንቶችን እንደገና ሠርተው፣ ሽማግሌው ለመታደስ ሲፈራ አሳዩት። ቅጂው ቢጠፋ ደግመው ተጫወቱት ማለት ነው።

ዋናውን ማየት ለምትፈልጉ የሚቻለው ይህ ነው። ሦስቱን ክፍሎች እዩ፤ አራተኛውን በአኒሜሽኑና በዚያ የቤት ቅጂ ድምፅ ተሻገሩ። ከዚያ አንዲት ቁራጭ ፊልም አለች። በ1973 ቢቢሲ ብሉ ፒተር በሚባለው የልጆች ፕሮግራም ላይ ስለ ድራማው 10ኛ ዓመት ሲያወራ ከአራተኛው ክፍል መጨረሻ ቆርጦ ጥቂት ሴኮንድ አሳየ፤ ብሉ ፒተር ስላልተደመሰሰ ቁራጯ ተረፈች። እንደ ዕድል ሆኖ ያቺ ቁራጭ ወለሉ ላይ የወደቀው ሽማግሌ ናት፤ ፊቱ ላይ ያ የተበላሸ ዴስክ የሠራው ነጭ ብርሃን ይመጣል፣ ሃርትኔል በውስጡ ይጠፋል፣ ብርሃኑም ሲረጋ ትራውተን ዓይኑን ጨፍኖ ተኝቷል።